ከጭስ ውሃ ያወጣሁ ሰሞን

አዳማ ላይ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ስትከፍቱ፣ ጣሪያ ላይ ሲጠበስ የዋለው ታንከር ስኳርና ሻይ ቅጠል ብቻ የቀረው ውሃ ይለቅባችኋል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጣ እንግዳ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው አዳራሹ የት እንደሆነ ሳይሆን ቬንትሌተሩ ይሠራ እንደሆነ ነው። ግን ባለቤቴ ማርታ ቁርጥማት አለባት። ኅዳር ገብቶ የንጋት ነፋስ ሲጀምር ቀዝቃዛ ውሃ ጣቷን ከነካት ቀኑን ሙሉ ስታሽ ትውላለች። በዚህ ምክንያት ቤታችን አንዲት የኤሌክትሪክ ቦይለር ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ።

የሞተችው በጠጠር ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ የሰው ጥርስ እንደሚያበልዝ ታውቃላችሁ፤ ቦይለር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድንጋይ ይወልዳል። ከፍቼ ሳያት ሆዷ በነጭ ቅርፊት ተሞልቶ ማሞቂያዋ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። ማርታ አየት አድርጋ «አዲስ እንግዛ» አለች። ጤነኛ ባል «እሺ» ይልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ጤነኛ ባል አይደለሁም፤ የቴርሞዳይናሚክስ መምህር ነኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ኮሌጅ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ውሃ ሳፈላ ኖሬያለሁ። በእኔ ጠመኔ የፈላው ውሃ ቢጠራቀም አዋሽን ያስንቃል። በእጄ ግን ሻይ እንኳ አፍልቼ አላውቅም።

«ሰው ስለ ሙቀት እያስተማረ እንዴት ቦይለር ይገዛል?» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«የጥርስ ሐኪምስ የራሱን ጥርስ ይነቅላል እንዴ?» አለችና ወደ ኩሽናዋ ገባች።

ያሰብኩትን ላስረዳችሁ። ማርታ ሳልጨርስ ትታኝ ስለሄደች እናንተ እንኳ ቁጭ በሉልኝ። ጋዝ ሲነድ እሳት ብቻ አይሰጥም፤ ከራሱ ውስጥ እንፋሎትም ይወጣዋል። ተራው ቦይለር ያንን እንፋሎት ከነሙቀቱ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሸኘዋል። ብልሁ ቦይለር ግን ጭሱን ከመሸኘቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ በሚሄድበት ቧንቧ ዙሪያ ያንሸራሽረዋል። ጭሱ ሲበርደው እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ደብቆት የነበረውንም ሙቀት ለቧንቧው አስረክቦ ጠብ ጠብ ይላል። ምስክሩ ጠብታው ነው። ካልተንጠባጠበ መሣሪያው አልሠራም፤ ከተንጠባጠበ እኔ ሊቅ ነኝ። በሰለጠነው አገር ይህ ቦይለር በየኩሽናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል አሉ። እዚያ በረዶ አለ። እኛ ጋ ያለው ሐሩር ነው፤ ግን ሳይንስ በአየር ጠባይ አይወሰንም ብዬ ተነሣሁ።

«ጭሱን ተወውና ውሃውን አሙቅልኝ» አለች ማርታ ከኩሽና። ሳይንስ ጠላቱ ብዙ ነው።

የቦይለር ሁሉ ምሥጢሩ ሙቀት ማስተላለፊያው ነው፤ ቧንቧው እንዴት ይጠምዘዝ፣ ምን ያህል ይጠጋጋ የሚለው። ሰፈራችን ፍሪጅ ከሚጠግን ሰው የመዳብ ቧንቧ አመጣሁና ጠመዘዝኩት። የመጀመሪያውን በጣም አጠጋጋሁት፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ በመጣበት ተመለሰና እሳቱን አጠፋው፣ እኔንም እስከ ጆሮዬ አጠቆረኝ። ሁለተኛውን አራራቅሁት፤ ጭሱ ቧንቧውን ሰላም እንኳ ሳይለው ሹልክ ብሎ ወጣ። በመጨረሻ የማርታን ትልቁን የድግስ ድስት እሳቱ ላይ ደፋሁና አንዱን ጥምዝ እዚያ ውስጥ አስገባሁ፤ ከድስቱ የወጣውን ጭስ በወፍራም ቱቦ ወደ ጎን ወስጄ በርሜል ውስጥ ባለው ሁለተኛ ጥምዝ ዙሪያ አዞርኩት። ከታንከሩ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ በበርሜሉ በኩል ገብቶ እየሞቀ ወደ እሳቱ ይሄዳል፤ ጭሱ ደግሞ ከእሳቱ ተነሥቶ እየበረደ ወደ በርሜሉ ይመጣል። ፊት ለፊት ይተላለፋሉ ማለት ነው፤ ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው።

ለሙከራው የኩሽናውን የጋዝ ሲሊንደር ወሰድኩ። ዓላማዬ ጋዝ መቆጠብ ስለነበረ ማርታ በከሰል ማብሰል ጀመረች። እንዳልኩትም ኩሽናው ውስጥ ጋዝ ተቆጠበ።

የቸገረኝ በየመጋጠሚያው የሚሾልከው ጭስ ነበር። የቀባሁት ሲሊኮን ሁሉ ቀለጠ። አንድ ጠዋት ማርታ ገበያ ስትሄድ ቡኮ ዕቃው ውስጥ የቦካ ሊጥ አየሁ። እየዛቅሁ መጋጠሚያውን ሁሉ ለሰንኩት፤ ልክክ ብሎ ያዘ። ሲሞቅ የኮመጠጠና ያረረ ነገር ይሸታል፤ ያ ሽታ እስከ አጥር ማዶ ይሄዳል ብዬ ግን አላሰብኩም። እሳቱን ለኮስኩ፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ ከበርሜሉ ሥር ባለችው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ አመንትታ፣ ጠብ አለች።

እልል አልኩ። በአዋቂነቴ እልል ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ማርታ ከገበያ እየተመለሰች ስለነበር ዘንቢሏን ጥላ ሮጣ ገባች። ጠብታዋን አሳየኋት። ረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ «ሊጤስ?» አለች።

ጠብታው ጥቂት ኮምጣጣነት አለው፤ ከጭስ የተወለደ ነገር ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት የማርታን ጤናዳም አደረቀ። ስለዚህ ከቱቦው ሥር ቢጫ ጀሪካን አስቀመጥኩ። እሳት፣ ድስት፣ የመዳብ ቧንቧ፣ በሊጥ የተለሰነ መጋጠሚያ፣ ጠብ ጠብ የሚል ንጹሕ ፈሳሽ፣ ጀሪካን። እናንተ አሁን እየሳቃችሁ ነው። እኔ ግን ከጴንጤ ቤተሰብ ተወልጄ በጴንጤ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይሄ ሁሉ ሲደመር ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ አልነበረም። ነጋሪ ቢኖርም የማዳምጥ መሰላችሁ?

በነጋታው የባጃጅ ሹፌር ግቢያችን በር ላይ ቆሞ፣ ባዶ የውሃ ላስቲክ ከጃኬቱ ውስጥ ብቅ አድርጎ «መምህር፣ አለ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ባጃጅ ባትሪ አላት፤ ባትሪ የተጣራ ውሃ ትፈልጋለች። ዝናዬ እዚህ ድረስ መድረሱ ደስ አለኝ። «ሞልቷል!» አልኩና ከጀሪካኑ ቀዳሁለት። «የተጣራ ነው?» ሲለኝ «ከዚህ በላይ የተጣራ አዳማ ውስጥ አታገኝም» አልኩት። ሊከፍለኝ ሲል በኩራት እምቢ አልኩ። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ መርቆኝ ሄደ። ለባትሪ ውሃ ይሄን ያህል ማልቀስ ምን ይባላል ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሜሮን አንድ ልጃችን ናት። መልካሳ እርሻ ምርምር ውስጥ ማሽላ የሚያጠና ዮናታን የሚባል ልጅ ትወዳለች፣ እሱም ይወዳታል። ዮናታን አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። የእሳቸውን ምርቃት ሳያገኝ አያገባም። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ በመጠጥ ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። የአንዲት ልጅ አጎት ከግሮሰሪ ፊት ለፊት ቤት ተከራይቷል ብለው ሽምግልና ትተው ወጥተዋል ይባላል። አንድ ጊዜ መጥተው ልጃችንን ጠይቀውናል፤ እኛም እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ብለን ሸኝተናቸዋል። ለመልሱ ቅዳሜ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜሮን ፊቴ ቆመች። «አባዬ፣ በናትህ ዛሬ ብቻ ያንን ነገር ፍታው።»

«ዛሬማ እንዴት ተደርጎ! ሽማግሌዎቹ እጃቸውን በምን ሊታጠቡ ነው?»

«በውሃ» አለች ማርታ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እኔ እሳቱን ለኮስኩ።

በእኛ በኩል ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ነው፤ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፍቶ ያረጀ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው። ከወንዱ ወገን ጋሽ ጴጥሮስና የዮናታን አጎት ኦቦ ገመቹ መጡ። ኦቦ ገመቹ የመቂ ሽንኩርት ደላላ ናቸው። የጭነት መኪና አስጭነው በዚያው ስለመጡ ሸሚዛቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል።

«አካም ቡልተኒ! ነጋያ? እጄን ሳልታጠብ ሰው ቤት አልቀመጥም፤ ማሎ፣ ውሃ ካለ» አሉ።

ይሄን ጊዜ ነበር የምጠብቀው። ሁሉንም ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ኦቦ ገመቹ ቧንቧውን ከፍተው «ዋዩ! ሙቅ ነው እኮ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸው ከእሳቱ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ሊጡ፣ ከሊጡ ወደ መዳቡ ሄደና ጀሪካኑ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦይለር ነው፣ ጋሽ ጴጥሮስ።»

«የሚንጠባጠበውስ?»

«ከጭሱ የሚወጣ ውሃ ነዋ!» አልኩ እየተፍለቀለቅሁ።

«ከጭስ ውሃ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዟል።

በዚህ መሐል ክፍት በነበረው የግቢ በር የባጃጁ ሹፌር ባዶ ላስቲኩን ይዞ ገባ። እንግዳ መኖሩን እንኳ አላየም። «መምህር፣ ያለፈው እኮ ውሃ ነው፤ ምንም አልያዘኝም። ደህናውን ለማን ነው የምታስቀምጠው?»

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ የሊጡ ሽታ፣ ጀሪካኑ፣ የሰውዬው እንባ። ሐጂ ከድር ሹፌሩን ክንዱን ይዞ ቢያስወጣውም ቃሉ ግን ግቢው ውስጥ ቀረ።

ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በትሕትና ጀመሩ። «መምህር፣ ልጅቷ ምንም አይወጣላትም። ነገር ግን አረቄ እየወጣ ከሚሸጥበት ቤት ልጄን አልድርም። ለሱም ለሷም ብዬ ነው። ዛሬ መልስ ባትሰጡን እንመርጣለን።» ከመጋረጃው ጀርባ ሜሮን ትንፋሽዋ ሲቆረጥ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

እና ምን አደረግሁ? አስተማርኩ። ስለ እንፋሎት፣ ስለ ድብቅ ሙቀት፣ ስለ ተቃራኒ ፍሰት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኳቸው። ኦቦ ገመቹ ማዛጋት ጀመሩ። ጋሽ ጴጥሮስ ፊታቸው አልተፈታም። አላመኑኝም ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ከጀሪካኑ አንድ ብርጭቆ ሞልቼ መጣሁና ፊታቸው ጭልጥ አደረግሁት። ጭስ፣ መዳብና የቦካ ሊጥ ያለበት ውሃ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቴ ተጨማደደ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጭንቅላቴን ወዝውዤ ከጉሮሮዬ «እኽኽኽ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ የአረቄ ደንበኛ የጠዋት መለኪያውን ሲደፋ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

«አየህ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ ለኦቦ ገመቹ።

ሐጂ ከድር ሊረዳኝ ፈለገ። «አረቄ ይነዳል ይላሉ። እኔ ወላሂ አላውቅም፤ ሲሉ ነው የሰማሁት። ክብሪት ይጫርበትና ይለይ።»

ለእኔ ይሄ ትክክለኛ ሙከራ ነበር። ተያይዘን ወደ ጓሮ ወጣን። ያላየሁት ነገር ቢኖር፣ ስንወጣና ስንገባ ነፋሱ እሳቱን አጥፍቶት ሲሊንደሩ ግን ክፍት ነበር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ይሄን በየዓመቱ ነው የማስተምረው። ጎንበስ አልኩና ጀሪካኑ አፍ ላይ ክብሪት ጫርኩ።

ቡፍ አለ። ሰማያዊ ነበልባል ከጀሪካኑ ዙሪያ ተነሥቶ ፊቴን ልሶ አለፈ። ስነሣ ቅንድብም ሽፋሽፍትም አልነበረኝም። ሐጂ ከድር «ያ ረቢ!» ብሎ ሲሊንደሩን ዘጋው።

ኦቦ ገመቹ ባዩት ነገር ተደንቀው «ይሄማ ዳግም ነው!» አሉና ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዳግም ማለት ሁለቴ የወጣ፣ ኃይለኛው አረቄ ነው። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። «ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ ወደ ታንከሩ እየተመለከቱ።

ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አደረጉ። በቃ፣ አለቀ። እንደ ሐሳቤ ቢሆን ጉድጓድ ቆፍሬ እገባ ነበር። ሜሮን ከነእንባዋ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። አልተቆጣችኝም፣ አልጮኸችም፤ የተቃጠለ ፊቴን አየችው። በፍም ብትጠብሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቆይ፣ ጋሽ ጴጥሮስ» አለ ሐጂ ከድር። «እንዲህ ሆኖ ከተሄደ ነገ የልጅቷ ስም እስከ ቢሾፍቱ ይወራል። አንድ አረቄን የሚያውቅ ሰው ይቅመሰውና ይፍረድ። ከመሐላችን የሚያውቅ አለ?»

ሐጂ አረቄ አያውቅም። እኔ አላውቅም። ኦቦ ገመቹ ታንከሩን አይተው ገና አልጨረሱም። ልጄን ለማዳን አንድ የሚያውቅ ሰው ይበቃ ነበር፤ «አውቃለሁ» ያለ ሰው ደግሞ እዚያው ስሙ ያልቃል። የሚሰማው፣ እሳቱ ጠፍቶም በርሜሉ ውስጥ ከቀረው ጠብ የምትለው የቱቦዋ ጠብታ ብቻ ነበር። እሷ እንኳ ብትዘጋልኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ጴጥሮስ ሜሮንን አዩአት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለኦቦ ገመቹ ሰጡ። ብርጭቆ አስመጥተው፣ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አጋደሉበት። አልቸኮሉም። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት፤ በመዳፋቸው ከድነው ነቀነቁትና አረፋውን ተመለከቱ። ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሹት፣ አሸተቱት። መጨረሻ ላይ ከንፈራቸውን ብቻ አስነኩና ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አጣበቁ።

«አረቄ አይደለም» አሉ። «አረቄ ሲነቀነቅ ዶቃ ይሠራል፤ ይሄ አልሠራም። መዳፍ ላይ ሲታሽ የብቅል ሽታ ይተዋል፤ ይሄ የጭስ ነው። ድፍድፍ የሚባል ነገር በዚህ በኩል አላለፈም። ውሃ ነው፤ መጥፎ ውሃ።»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣውን እንደያዙ ቀሩ።

«እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፤ ማንንም ሳያዩ። «አባታችን ሲሞት በዚያ ነው ያሳደገችን። እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ሰው ፊት ስሟን አንሥቼ አላውቅም፤ ዮናታንም አያውቅም። ዛሬ ዝም ብል ደግሞ ይቺን ልጅ በሐሰት አስወቅሳታለሁ። አላደርገውም።»

እኚህን ሰው በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው። ለሌላ ሰው ልጅ ብለው ስንት ዘመን የጠበቁትን ስማቸውን የእኔ ጀሪካን አጠገብ ጣሉት። ሐጂ ከድር ቀስ ብሎ እጃቸውን ይዞ ሳመው። ሜሮን መጥታ ጉልበታቸውን ስትስም አንሥተው አቀፏት። ማርታ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽፋሽፍት ስለሌለኝ እንባው ቀጥታ ነበር የወረደው።

ተመልሰን ሳሎን ተቀመጥን። ወጉ እንዲደርስ ብድግ ብዬ «ልጃችንን ሰጥተናል» አልኩ። ሴቶቹ መጋረጃው ጀርባ እልል ሊሉ ሲሉ ጋሽ ጴጥሮስ እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ቃል አለን፣ መምህር። እንደ ወጉ ከሆነ ቃል የሚያስገባው የሴት ወገን ነው፤ ዛሬ ግን ይፍቀዱልን። ልጆቹ ጎጆ ከወጡ በኋላ ለቤታቸው ምንም ነገር አይሠሩላቸውም። ቦይለር አይሠሩም፣ ምድጃ አይሠሩም፣ አምፖልም ቢሆን አይቀይሩም። ይምሉልናል?»

ማልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ በደስታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በመሰጠቷ ይሁን በመሐላዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።